ይድረስ ለአባባ፤ ስለ ማሙሽ ሃያ ዓመት ዕድሜ

ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእግርዎ ሕመም በሰሞኑ ብርድ እንዳልባሰብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። በስልክ የሚነገረው ነገር በደንብ እንደማይሰማዎት አውቃለሁ፤ ቢሰማዎትም ይህ ጉዳይ እየጮኹ የሚነጋገሩበት አይደለም። ስለዚህ ፊደሉን ሰፋ፣ መስመሩን ራቅ ራቅ አድርጌ ጽፌልዎታለሁ። ዓይንዎ ከደከመ ታናሽ እኅቴ ታንብብልዎት። እርሷ ያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበረች ከምጽፈው አብዛኛውን አታውቀውም፤ ብትሰማው ደስ ይለኛል።

የምጽፍልዎ በባድመ ጦርነት ስለ ሞተው ወንድሜ፣ ስለ ማሙሽ፣ በፋሲካ ማግስት ስለ ተናገሩት ነገር ነው። ልጄ፣ የልጅ ልጅዎ፣ «ማሙሽ ወዶ ነው የዘመተው ወይስ ተገዶ?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ «እኔ ነኝ የሰደድኩት። ፈቃድ ሲጠይቀኝ አንተ ታውቃለህ አልኩት» ብለው ከተቀመጡበት ተነሡ። ልጁ ደነገጠ። እኔ ደግሞ ይህን ሸክም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዎን ተሸክመው እንደ ኖሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ነፍሷን ይማረውና ለእማዬ እንኳ ነግረዋት እንደ ሆነ እንጃ። አባባ፣ ማሙሽን የሰደዱት እርስዎ አይደሉም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ የማውቀው ነገር ስላለ ነው።

በመስከረም 1991 ዓ.ም.፣ ደመራ ባለፈ በሳምንቱ ውስጥ፣ ማሙሽ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ሆኖ ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። የነገረኝ በዚያው ዕለት ማታ፣ ከጓሮ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ ብሩሾቹን በአኳራጅ እያጠበ ነበር። «ነገ ለአባባ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «እንቢ ቢሉህስ?» ስለው፣ «ተመዝግቤ አልቋል፤ ሰኞ መኪናው ይነሣል። የምነግራቸው እንዲመርቁኝ ነው፤ ተደብቆ ጠፋ እንዲባል አልፈልግም» ብሎ መለሰልኝ። እማዬ ከእርሱ አፍ እስክትሰማ ድረስ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ስለ ሆነ፣ ምዝገባው ከፈቃዱ የቀደመ መሆኑን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ያን ምሽት ፊትዎ ቆሞ የጠየቀዎት ነገር ቀድሞ የተቆረጠ ነበር። «አትሂድ» ብለውት ቢሆን ያለ ምርቃት ይሄድ ነበር እንጂ አይቀርም ነበር። ደግሞም እርስዎ «አንተ ታውቃለህ» ብለው ዝም አላሉትም፤ ይህኛውን የረሱት ይመስለኛል። አጠገብዎ አስቀምጠው የእግር ጨርቅ እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ተረከዝ ላይ እጥፋቱ እንዳይቆረቁር ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ከእማዬ ነጠላ ጥለት ላይ በተቀደደ ቁራጭ በራስዎ እግር ላይ አሳዩት። «እግርህ እርጥብ ሆኖ አትተኛ፤ ውኃ ባገኘህ ቁጥር ቢጠማህም ባይጠማህም ኮዳህን ሙላ» አሉት። ከዚያ ተነሥተው ቡናማ ሹራብዎን ሰጡት። ከብር ሸለቆ ማሠልጠኛ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ከእርሱ ጋር ከነበሩት ምልምሎች ብዙዎቹ እግራቸው ቆስሎ ሲያነክሱ እርሱ ግን ደህና መሆኑን ገልጾ፣ «የአባባን ትምህርት ለመቶው ሁሉ አስተምሬያለሁ» ብሏል፤ መቶ የሚለው የጦር ክፍሉን ነው። ደብዳቤው እርስዎ ዘንድ ነው፤ አውጥተው ያንብቡት። በአባቱ ቅር ያለው ልጅ የሚጽፈው ደብዳቤ እንደ ሆነ እርስዎ ይፍረዱ።

የልጅ ልጅዎ ስለ አጎቱ የሚያውቀው በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶግራፍና «ባድመ ጊዜ የሞተው» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ወንድሜ የሞተው በአንድ ማለዳ ነው፤ የኖረው ግን ሃያ ዓመት ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ስጽፍ ለልጁም ጭምር እንዲሆን አስቤ፣ የማስታውሰውንና ከእማዬ የሰማሁትን አንድ ላይ አኖራለሁ፤ የተሳሳተ ካለ እርስዎ ያርሙት።

ማሙሽ የተወለደው በ1972 ዓ.ም. አሥመራ፣ ገጀረት ነው። እርስዎ ያን ጊዜ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሥር ነበሩ፤ ወደ ናቅፋ ግንባር ሲወጡ ለወራት አይመለሱም ነበርና፣ እማዬ እንደምትለው፣ ልጁን ያሳደጉላት የግቢው ጎረቤቶች ናቸው። ትግርኛን አፉን የፈታበት ያህል ይናገር ነበር። እኔ ከአሥመራ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ማሙሽ ግን ሁሉንም ያስታውስ ነበር። ከኋላ አዝሎኝ በቢስክሌት የሚነዳበትን መንገድ፣ የዘንባባዎቹን ጥላ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ስም ከነአባታቸው ይቆጥርልኝ ነበር። በየካቲት 1982 ምጽዋ በተያዘች ጊዜ አሥመራ በምድርም በባሕርም ተዘጋች፤ የሚገባው ሁሉ በአየር ሆነ፤ ዱቄትና ስኳር እንደ ወርቅ ተወደደ። ከዚያ በኋላ ነው እማዬ እኛን ይዛ በወታደር አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የመጣችውና ሠራተኛ ሰፈር አያቴ ቤት የገባነው። ማሙሽ አሥር ዓመቱ ነበር። ቢስክሌቱን ለጎረቤት ልጅ በአደራ ሰጥቶ መጣ፤ «እስክመለስ» ብሎ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አሥመራ ተያዘች፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። እኛ በዚህ በኩል የነበርነው ግን የሞቱ ይሁን የተማረኩ ሳናውቅ ክረምቱን ተቀበልነው። ከሰሜን በእግር የመጡ ወታደሮች በየመንገዱ ነበሩ፤ ማሙሽ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጥቶ እየዞረ፣ ያገኘውን ሁሉ በክፍለ ጦርዎ ስም ይጠይቅ ነበር። እርስዎ የመጡት በዝናብ ነው። የሰው ኮት ለብሰው፣ በእግርዎ ላይ የጎማ ጫማ በገመድ አስረው በሩ ላይ ሲቆሙ አያቴ አላወቀችዎትም፤ ያወቀዎት ማሙሽ ነው። ውኃ ያሞቀው እርሱ ነው፤ ሳፋውን አምጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ከቁስሉ ጋር የተጣበቀውን ጨርቅ በለብታ ውኃ እያለሰለሰ ቀስ ብሎ ሲያላቅቅ አጠገቡ ቆሜ ፋኖስ እይዝለት ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ፊቱን አላዞረም። የቀኝ እግርዎን ፍንጣሪ በጣቱ ዳስሶ «ያምምዎታል?» አለዎት፤ እርስዎ «አያምም» አሉት።

ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ሰው ሁሉ ልጅ አባቱን ዓይቶ ወታደር ይሆናል ይላል፤ ሳስበው እርስዎም ይህን ሳያምኑ አይቀሩም። እርስዎ ግን ለማሙሽ አንድም ቀን የጦር ሜዳ ወሬ አውርተውለት አያውቁም። ሃምሳ አለቃ ተብለው የተነሡትን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርደው ሣጥን ውስጥ ያስገቡት እርስዎ ነዎት። ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ በዘበኝነት ሥራ ሌሊቱን ውጭ እያደሩ ያሳደጉን አባት እንጂ፣ ጀግንነት የሚተርኩ አባት አልነበሩም። ማሙሽ ከእርስዎ ያየው ጦርነት ያን ሳፋ ነው። ያን እያወቀ ሄደ፤ ሳያውቅ የተታለለ ልጅ አልነበረም።

ስለ ሥራውም ልጻፍ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚወደው እርሱ ነበር። የእጁ ጽሕፈት ያምርለት ስለ ነበር ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ከአንድ የታፔላ ጸሐፊ ዘንድ መላላክ ጀመረ። ያ ሰው፣ እርስዎም በደንብ ያስታውሱታል፣ የአሥመራ ልጅ ነበር፤ ማሙሽ በመጀመሪያው ቀን በትግርኛ ሰላም ስላለው ነው ያስጠጋው። ያን ጊዜ በየቦታው አዲስ ሱቅ ይከፈት ነበርና ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ባለው መንገድ ሥራ አይጠፋም። መጀመሪያ ቆርቆሮው ተፍቆ መደብ ይቀባል፤ ሲደርቅ በጠመኔ የተነከረ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ ይነጠራል፣ መስመሩ ይወጣል፤ ከዚያ ፊደሉ በእርሳስ ይነደፋል፤ በመጨረሻ ቀለሙ ይገባል። ማሙሽ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ የቀኝ አንጓውን በግራ እጁ በያዘው በትር ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የ«ስ»ን እግር በአንድ ስበት ሲያወርድ ቆሜ አይቼዋለሁ። ስበቱ እስኪያልቅ አይተነፍስም። በደመወዙ ለእማዬ ሸማ፣ ለእርስዎ ያንን ባለ ሁለት ባትሪ ሬዲዮ የገዛው ከዚህ ሥራ ነው። የሠራት አንዲት የልብስ ስፌት ታፔላ፣ ቀለሟ ለቆ ፊደሏ ግን ሳይበላሽ፣ ሰፈሩ እስከ ፈረሰበት እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ነበረች። እርስዎ በዚያ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው የሚያዩት እርሷን እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

በ1990 ዓ.ም. ማትሪክ ወሰደ። ከፈተናው ሰሞን፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ፤ ግንቦት 28 ቀን ደግሞ መቀሌ ውስጥ የዓይደር ትምህርት ቤት ከአውሮፕላን ተደበደበና ሕፃናት አለቁ። ያ ዜና በሬዲዮ ሲነገር ማሙሽ ምንም አልተናገረም፤ ራቱንም አልበላም። ከዚያ ቀበሌው ሁሉ በስንቅ ዝግጅት ተያዘ፤ እማዬ ከዕድሩ ሴቶች ጋር በሶ ስትፈጭና ዳቦ ቆሎ ስትቆላ ከረመች።

በዚያው በሰኔ መንግሥት ኤርትራውያን ናቸው ያላቸውን፣ ከእነርሱም የተወለዱትን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአገር ማስወጣት ጀመረ፤ በዚያ በኩልም ብዙ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው ተባረው መጡ። የማሙሽን መምህር፣ ያን የታፔላ ጸሐፊ፣ የወሰዱት በሌሊት ነው። በማግስቱ ሥራ ቤቱ ታሽጎ አገኘው፤ ውጭ የቀረው መሰላሉ ብቻ ነበር። መሰላሉን ተሸክሞ ቤት አመጣው። አንዳንድ የሰፈር ልጆች ድሮ በፍቅር «አሥመሬ» ይሉት የነበረውን አሁን በሌላ ቃና ይሉት ጀመር። ሥራ የለም፤ የማትሪክ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ አብሮ አደጎቹ እየተመዘገቡ ናቸው፤ የዓይደር ሕፃናት ነገር በልቡ አለ፤ የመምህሩም ነገር በልቡ አለ። እንዲህ ሆኖ ነው መስከረም የደረሰው። እኔ ዛሬ የልጅ እናት ሆኜ ሳስበው፣ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳስነሣው ለይቼ መናገር አልችልም፤ እርሱም ቢሆን ይችል ነበር ብዬ አላምንም። የአባቱ አንድ ቃል ግን በእነዚህ ሁሉ መካከል ምን ያህል ቦታ ሊኖረው ይችላል?

ከብር ሸለቆ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ሄደ። በየካቲት 1991 በፀሐይ ግባት ዘመቻ ባድመ ተመልሳ ስትያዝ ከተማው በጭፈራ ወጥቶ ነበር፤ እርስዎ በሩን ዘግተው ቤት ዋሉ፤ እማዬ ጊዮርጊስ ሄዳ ሻማ አበራች። እርሱ ግን ባድመ አልነበረም፤ የተመደበው ዛላምበሳ ግንባር ላይ ነበር። ከዚያ የመጡት ደብዳቤዎች አጫጭር ናቸው፤ ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ በሶው ደርሶኛል የሚሉ። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ አብሮት የተመዘገበውንና በሕይወት የተመለሰውን ጓደኛውን ፈልጌ አነጋገርኩት። ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሱቁን ለረዳቱ ትቶ ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አስቀመጠኝና እስኪመሽ ድረስ አወራኝ። የነገረኝን እንዳለ ላቅርብልዎት።

ከዛላምበሳ ደቡብ ባለው ኮረብታ ላይ ምሽግ ቆፍረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ቀን ቀን ራስ ቀና አይደረግም። የሚበላው ኮቾሮ የሚባል ደረቅ ብስኩት ነው፤ በሻይ ካልራሰ ጥርስ አይገባበትም። አብዛኞቹ የመቶው ልጆች ከገጠር የመጡ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ስለ ነበሩ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ማሙሽ ነበር። ለወሎ፣ ለጎጃም፣ ለአርሲ፣ ለከምባታ ይጽፋል፤ ወረቀት ሲያልቅ የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ገልብጦ በውስጡ ይጽፋል። ሰዎቹ ለሚስታቸው ለመናገር የሚያፍሩትን ነገር ሲያይ «ይህን ልጨምርልህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃዳቸው ግን አንድ ቃል አይጨምርም። ከጥይት ሣጥኖቹም ላይ የመቶውን ቁጥር በዘይትና በከሰል በጠበጠው ቀለም ጽፏል፤ የመቶ አዛዡ «ይህ ጦር ግንባር ነው ወይስ መርካቶ?» ብሎ ስቆ እንዳለፈ ነገረኝ።

በሌሊት ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ የወዲያኛው ምሽግ ወታደሮች ሲዘፍኑ ይሰማ ነበር። ማሙሽ ያደምጣል። ጓደኛው «ምን እያሉ ነው?» ሲለው ይተረጉምለታል፦ ስለ እናት ነው፣ ስለ ሠርግ ነው፣ ይህኛው ደግሞ አሥመራ ልጅ ሆኜ የማውቀው ነው ይለዋል። አንድ ሌሊት፣ «እዚያ ካሉት አንዱ ቢስክሌቴን ያስቀመጥኩበት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜያችን እኩል ነው» አለው። ጓደኛው ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቋረጠ። «ታዲያ እንዴት ይተኩስ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንደ ሁላችን ይተኩስ ነበር። ይጠላቸው እንደ ሆነ ግን ከእርሱ አፍ አንድ ቀን አልሰማሁም» አለኝ።

ስለ መጨረሻውም ጠየቅሁት፤ እርስዎ ማወቅ ይፈልጋሉ ብዬ ስላሰብኩ። በግንቦት 1992 ሦስተኛው ዙር ውጊያ ከምዕራብ በኩል ተጀምሮ ባረንቱ ከተያዘች በኋላ፣ በዛላምበሳ ግንባርም ታዘዙ። ሌሊቱን በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን ትጥቅ ከኋላ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አቀበቱን ወጡ። ንጋት ላይ መድፉ ጀመረ። ማሙሽ ከጓደኛው ጥቂት እርምጃ ቀድሞ፣ የመትረየስ ጥይት ሣጥን ተሸክሞ ነበር። አንዱ የመድፍ ጥይት አጠገቡ አረፈ። ጓደኛው ሲደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር፤ አልተጣራም፣ አልተሰቃየም። ይህን ለማጽናናት ብሎ የተናገረው እንዳይሆን ጠርጥሬ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ሌሎቹ፣ ቆስለው ውለው ስላደሩት፣ ምንም ሳይሸሽግ ስለ ነገረኝ አመንኩት። ከሰዓት በኋላ ዛላምበሳ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ተመልሰው፣ ከሌሎች ጋር በኮረብታው ጎን ቀበሩት፤ ድንጋይም አቆሙበት። ቀኑ ኪዳነ ምሕረት ነበር ብሎኛል፤ ግንቦት 16። ያ ቀን ለእርስዎ ሌላም ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ግንቦት በመጣ ቁጥር ዝም የሚሉት ለምን እንደ ሆነ እማዬ ትነግረን ነበር።

መርዶው እኛ ዘንድ የደረሰው ጦርነቱ ቆሞ፣ በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ሰላም ከተፈረመ በኋላ ነው። የዕድሩ ዳኛና የቀበሌው ሰዎች በማለዳ በሩን ሲያንኳኩ፣ እርስዎ ከዘበኝነት ገብተው ኮትዎን ገና አላወለቁም ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ አንዳችን ለሌላችን መንገር አያስፈልገንም። አስከሬን በሌለበት ፍትሐቱ ተደረገለት፤ እርስዎ አላለቀሱም፤ ሰው «ወታደር ስለ ሆነ ነው» አለ። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ተነሥተው መሰላሉ ወደ ተደገፈበት ጓሮ እንደሚወጡ እሰማ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ደብዳቤው ሙሉ አይሆንም። በሚያዝያ 1994 በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ባድመን ለኤርትራ በወሰነ ጊዜ፣ ከዚያም ከዓመታት በኋላ፣ በግንቦት 2010 መንግሥት ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ባለ ጊዜ፣ እማዬ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀች፦ «ታዲያ ልጄ ለምን ሞተ?» እርስዎ ማሙሽ የገዛልዎትን ሬዲዮ ዘግተው ተነሡ። በዚያው ክረምት ወደ አሥመራ አውሮፕላን ሲጀመር፣ በመስከረም 1 ቀን 2011 ደግሞ የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈትና የሁለቱ አገር ሰዎች እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አየን። እኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ተናድጄም አለቀስኩ። ለማሙሽ ያ መንገድ ቢከፈትለት በቢስክሌት ይሄድበት ነበር።

በዚያ ጦርነት ከሁለቱም ወገን 70,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በ1998 ዓ.ም. በዚያው ስምምነት የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን ጦርነቱን በኃይል የጀመረችው ኤርትራ መሆኗን፣ ይህም የዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት መሆኑን ወስኗል። ያ ውሳኔ ግን ለእማዬ ጥያቄ መልስ አልሆናትም፤ ለእኔም አልሆነኝም። መልሱን የሚያውቁት ካሉ፣ ነገሩን በንግግር መጨረስ ሲችሉ ልጆቻችንን ያዘመቱት፣ በዚያም በኩል በዚህም በኩል የነበሩት ባለ ሥልጣኖች ናቸው። በፍርድ ወንበር ፊት መቅረብ ያለባቸው እነርሱ ሆነው ሳለ፣ አንድ የዘበኝነት ሠራተኛ አባት ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ሃያ አምስት ዓመት ሲቀጣ መኖሩ እጅግ ያሳምመኛል። እርስዎም እኮ በሃያዎቹ ዕድሜዎ ወደ ናቅፋ የተላኩ ልጅ ነበሩ። አያቴ ይህን ልጅ የሰደድኩት እኔ ነኝ ብላ ቢሆን ምን ይሏት ነበር?

በጥቅምት 2013 በሰሜን እንደገና ጦርነት ሲነሣ፣ በቀጠሉትም ዓመታት፣ ወንድ ልጅ ያለን እናቶች እንቅልፍ አጥተን ከርመናል። የልጅ ልጅዎ አሁን ማሙሽ የተመዘገበበት ዕድሜ ላይ ነው። በፋሲካ ማግስት የጠየቀዎት ለወሬ ያህል አልነበረም፤ ጓደኞቹ የሚነጋገሩት ነገር አለ፤ በልቡ የሚያወጣና የሚያወርደው ነገር አለ። እኔ «አትሂድ» ብዬ ብነግረው ሊሰማኝም ላይሰማኝም ይችላል። ከእኔ ይልቅ የሚሰማው እርስዎን ነው፤ ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው አለ። «እኔ ነኝ የሰደድኩት» የሚለውን ትተው፣ የሆነውን ሁሉ ይንገሩት። ናቅፋን ይንገሩት፤ ከአሥመራ በእግር የመጡበትን መንገድ ይንገሩት፤ ማሙሽ እግርዎን ያጠበበትን ሌሊት ይንገሩት፤ ስለ ብሩሹና ስለ ጠመኔው ክር ይንገሩት። ለማሙሽ ሊነግሩት ያልቻሉበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ ያን ጊዜ ቁስሉ ትኩስ ነበር። አሁን ግን የሚጠይቅ ልጅ አለ፤ መልስ የሚሰጠውም እርስዎ ብቻ ነዎት።

የዘንድሮው ግንቦት 16 ቅዳሜ ይውላል። ሃያ አምስተኛ ዓመቱ ስለ ሆነ አራዳ ጊዮርጊስ ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግለት ካህናቱን አነጋግሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ቤት ለነዳያን ጠበልና ጠዲቅ እናዘጋጃለን። የሱማሌ ተራውንም ጓደኛውን ጠርቼዋለሁ፤ እርስዎን ማየት ይፈልጋል፤ እስከ ዛሬ ያልመጣው እርስዎን ማሳዘን ፈርቶ ነው። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ይዘው ይምጡ፤ ልጁ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሊያስቀምጣቸው ይፈልጋል፤ ዋናውን ለእርስዎ ይመልስልዎታል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጁ ቢሾፍቱ መጥቶ ይወስድዎታል። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ለሦስት ቀን የሚሆን ይያዙ፤ ጋቢውንም ደርበው ይምጡ፤ በማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይበርዳል። እኅቴም ከሥራ ፈቃድ እንድትወስድ ከአሁኑ ይንገሯት።

አክባሪ ልጅዎ